ጣሪያውን ማን አነሣው?
የካሼል አለትና የፈረሰው ካቴድራል ታሪክ

በደቡብ አየርላንድ ቲፐራሪ በሚባለው አውራጃ፣ ለጥ ባለው የከብት ግጦሽ ሜዳ መካከል አንድ የኖራ ድንጋይ አለት ብቻውን ተነጥሎ ቆሟል። ከሜዳው በላይ ያለው ከፍታ 60 ሜትር ያህል ነው። በአናቱ ላይ ካቴድራል፣ ግንብ፣ ክብ የደወል ማማ፣ መስቀልና የመቃብር ድንጋይ ተጠጋግተው ስለሚታዩ ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛ ቅጥር ያላት ከተማ ትመስለዋለች። ወጥቶ የትልቁን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ ግን ግድግዳው እንደ ቆመ፣ መስኮቱም በየቦታው እንዳለ ሆኖ፣ ቀና ሲል የሚያየው ሰማይ ነው። ጣሪያ የለም።

ቦታው «የካሼል አለት» ይባላል። ካሼል ማለት በአየርላንድ ቋንቋ የድንጋይ ምሽግ ማለት ነው። ወደዚያ የሚወጣ እንግዳ ሁሉ «ማን አፈረሰው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በአየርላንድ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን በታየ ቁጥር የእንግሊዙን የጦር መሪ ኦሊቨር ክሮምዌልን መውቀስ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወቀሳው ትክክል ነው። በካሼል ግን አይደለም። ክሮምዌል አየርላንድን የረገጠው በ1649 ሲሆን (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሼል ደም የፈሰሰው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ደሙን ያፈሰሰውም እንግሊዛዊ አልነበረም። ጣሪያውን ያነሣው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ እሱም የገዛ ሊቀ ጳጳሱ!

የነገሥታቱ መቀመጫ

አለቱ ቤተ ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ቤተ መንግሥት ነበር። ከ4ኛው ወይም ከ5ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መንስተር የተባለውን የደቡብ አየርላንድ ግዛት የሚገዙ ነገሥታት በዚህ አለት ላይ ይቀመጡ ነበር። ዙሪያው ሜዳ ስለሆነ የሚመጣ ጠላት ገና ከሩቅ ይታያል፤ መሬቱም ለም ነው።

ክርስትና ወደ ካሼል የገባበትን ሁኔታ የሚናገር አንድ የታወቀ ትውፊት አለ። ቅዱስ ፓትሪክ ንጉሥ ኤንጉስን ሲያጠምቅ በእጁ የያዘው በትር ጫፉ የሾለ ብረት ነበረው። ጸሎቱን እያደረሰ በትሩን መሬት ላይ ሲተክል ሳያውቅ የንጉሡን እግር ወጋው። ንጉሡ ግን ድምፁን አላሰማም። ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ፓትሪክ ደሙን አይቶ ደንግጦ «ለምን ዝም አልህ?» ቢለው፣ ንጉሡ የጥምቀቱ ሥርዓት አንዱ ክፍል መስሎት እንደ ነበር መለሰለት ይባላል። ታሪክ ነው ብሎ የሚምል የለም፤ የካሼል ሰው ግን ይህን ሳይተርክ እንግዳ አይሸኝም።

እነዚህ ነገሥታት ከአንድ ትልቅ ዘር የሚወለዱ ነበሩ፤ ኋላ ከነሱ መካከል ጎልቶ የወጣው የማካርቲ ቤተሰብ ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት ግን ከወደ ምዕራብ የመጣ ሌላ ወገን ተነሥቶ አለቱን ነጠቃቸው። የዚህ ወገን መሪ ብሪያን ቦሩ ነው። ብሪያን በ978 የመንስተር ንጉሥ ሆነ፤ በ1002 የአየርላንድ ሁሉ የበላይ ንጉሥ ተባለ፤ በ1014 በደብሊን አጠገብ በክሎንታርፍ ጦርነት፣ ሠራዊቱ ድል ባደረገበት ቀን ተገደለ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ኦብራያን ተብለው ይጠራሉ። ይህ ስም ወደ ኋላ ስለሚመለስ አንባቢ ልብ ይበለው።

መልሶ የማይወሰድ ስጦታ

በ1101 የብሪያን የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው ንጉሥ ሙርኸርታክ ኦብራያን በካሼል ላይ ጉባኤ ሰብስቦ አለቱን ከነሙሉ ይዞታው ለቤተ ክርስቲያን ለዘለዓለም ሰጠ። የአያት ቅድመ አያቶች ዙፋን ያለበትን ቦታ ለእግዚአብሔር መስጠት ትልቅ መንፈሳዊነት ነው፤ በዘመኑም እንዲያ ተብሎ ተመስግኗል። ነገር ግን ስጦታው ብልሃትም ነበረበት። ካሼል ከጥንት የማካርቲዎች እንጂ የኦብራያኖች ርስት አልነበረም። ዛሬ በጉልበት የያዙትን ነገ በጉልበት ሊነጠቁ ይችላሉ። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሬት ግን ማንም ንጉሥ «የአባቴ ነው» ብሎ ሊወስደው አይችልም። ስለዚህ ሙርኸርታክ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መታ፤ ጽድቁንም አገኘ፣ ባላንጣዎቹንም ከዙፋናቸው ቦታ ለዘለዓለም አራቀ።

ጊዜውም የተሐድሶ ጊዜ ነበር። እስከዚያ ድረስ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን በገዳማት ዙሪያ የምትኖር ነበረች፤ ከጳጳሱ ይልቅ የገዳሙ አበምኔት ይሰማ ነበር። የአየርላንድ መነኮሳት አርአያቸው የግብፅ በረሃ አባቶች ናቸው። ሞናስተርቦይስ በተባለው ገዳም በቆመው ትልቅ የድንጋይ መስቀል ላይ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ ተቀምጠው ቁራ እንጀራ ሲያመጣላቸው ተቀርጾ ይታያል፤ ስንክሳር ሲነበብ ለሰማ ኢትዮጵያዊ ሥዕሉ ማብራሪያ አያሻውም። በአየርላንድ ውስጥ «በረሃ» የሚል ትርጉም ያለው የቦታ ስም ብዙ መሆኑም ከዚሁ የመጣ ነው፤ አገሩ ዝናብ በዝናብ ሆኖ ሳለ! በ1111 ግን ሌላ ጉባኤ ተሰብስቦ አገሩን በሮም ሥርዓት በሀገረ ስብከት ከፋፈለው። ካሼል የደቡቡ ሊቀ ጳጳስ መንበር ሆነ።

በአለቱ ላይ ዛሬ ከቆሙት ሕንፃዎች ሁሉ የሚቀድመው ክቡ ማማ የተሠራው በዚሁ ዘመን ነው። ቁመቱ 28 ሜትር ነው፤ በሩ ከመሬት ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ያለ መሰላል አይገባበትም። ዋና ሥራው የደወል ቤት መሆን ነበር።

የኮርማክ ቤተ ጸሎት

ማካርቲዎች ግን ከቦታው ተነቅለው አልቀሩም። በ1127 ኮርማክ ማካርቲ የተባለው የመንስተር ንጉሥ በአለቱ ላይ ቤተ ጸሎት ማሠራት ጀመረ። አለቱን መልሶ መውሰድ ባይችል እንኳ ስሙን በላዩ መትከል ቻለ። ሥራው ተፈጽሞ ቤተ ክርስቲያኑ የተባረከው በ1134 ነው። ትንሽ ነው፤ ከጎኑ ከቆመው ካቴድራል ጋር ሲተያይ እንደ ጓዳ ነው። በአየርላንድ ከቆሙት የዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያናት ሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ትንሹ ነው ቢባል የሚከራከር አይገኝም።

አለቱ የኖራ ድንጋይ ሆኖ ሳለ ቤተ ጸሎቱ የተሠራው ከሌላ ቦታ በመጣ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ለመቅረጽ ይመቻል፤ ችግሩ ውኃ ይመጣል። ይህ ባሕርዩ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሊያጠፋው ነበር። ሕንፃው ሁለት ክፍል አለው፤ ምእመናን የሚቆሙበትና ከዚያ ጠበብ ያለ መቅደስ። መቅደሱ ከፊተኛው ክፍል ጋር በቀጥታ መስመር አልተሠራም፤ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብሏል። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ በግራና በቀኝ ሁለት አራት ማዕዘን ማማዎች ቆመዋል። ይህ በአየርላንድ ያልተለመደ አሠራር ነው። በዚያን ጊዜ በጀርመን አገር በሬገንስቡርግ ከተማ የአየርላንድ መነኮሳት ገዳም ነበራቸው፤ ለገዳማቸው ርዳታ ፍለጋም ወደ ኮርማክ መልእክተኞች ልከው ነበር። የማማዎቹ ሐሳብ በነሱ በኩል ሳይመጣ እንዳልቀረ ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ። በግድግዳው ላይ ያለው ቅርጽ ደግሞ የእንግሊዝ አገር ጠራቢዎችን ሥራ ይመስላል።

የጣሪያው ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባል። እንጨት የለበትም፤ ሙሉ በሙሉ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ቶሎ እንዲወርድ ሽቅብ በጣም ሾጥጦ ተሠርቷል። ነገር ግን እንዲህ የሾጠጠ የድንጋይ ጣሪያ በራሱ ክብደት መሃሉ ወደ ውስጥ ይጎብጥና ይናዳል። ግንበኞቹ ከሥሩ እንደ ተከፈለ በርሜል ቅርጽ ያለው ሌላ የድንጋይ ቅስት ገነቡለት። ቅስቱ የላይኛውን ጣሪያ ደግፎ ይይዘዋል፤ በሁለቱ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ሸክሙን ያቀለዋል፤ ክፍል ሆኖም ያገለግላል። ይህ የአየርላንድ ግንበኞች የራሳቸው ብልሃት ነው። ጣሪያው ዛሬም በቦታው አለ።

በሰሜኑ በር ራስጌ ላይ ከወገቡ በላይ ሰው ከወገቡ በታች ፈረስ የሆነ ፍጡር የራስ ቁር ደፍቶ ወደ ኋላው ዞሮ በአንድ ግዙፍ አንበሳ ላይ ቀስት ሲወረውር ተቀርጿል። በመቅደሱ መግቢያ ቅስት ላይ የሰው ራሶች ተደርድረው ይመለከታሉ። በስተ ምዕራብ በኩል አንድ ክዳኑ የጠፋ የድንጋይ የሬሳ ሣጥን አለ፤ በላዩ እባብ የመሰሉ አውሬዎች እርስ በርስ ተጠላልፈው ተቀርጸዋል፤ ጥበቡ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች የተወረሰ ነው። የኮርማክ ሣጥን ነው የሚሉ አሉ፤ የወንድሙ ነው የሚሉም አሉ። ኮርማክ ራሱ ቤተ ጸሎቱ ከተባረከ ከአራት ዓመት በኋላ በ1138 በተንኮል ተገደለ።

በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥዕሎች ነበሩ። ከፕሮቴስታንት ተሐድሶ በኋላ በኖራ ተለቅልቀው ተሸፈኑ፤ ለብዙ ዘመንም ማንም አላያቸውም። በ1980ዎቹ ኖራው በጥንቃቄ ሲነሣ ከሥሩ ቀለም ብቅ አለ። ከጌታ ልደት ታሪክ የተወሰዱ ሥዕሎች እንደሆኑ ይታመናል። ሰማያዊው ቀለም ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ የተፈጨ ነው። ይህ ድንጋይ በዚያ ዘመን የሚገኘው አፍጋኒስታን ተራራዎች ውስጥ ነበረ። ከዚያ ተነሥቶ በነጋዴ እጅ እየተቀባበለ እስከ አውሮፓ ምዕራብ ዳርቻ መድረሱ የንጉሡን ሀብትም ምኞትም ይናገራል።

ትልቁ ካቴድራል

በ1235 እና በ1270 መካከል ሊቃነ ጳጳሳቱ ለመንበራቸው የሚመጥን ካቴድራል አሠሩ። በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው፤ መሃሉ ላይ ማማ፣ ግድግዳው ላይ ቁመታቸው የረዘመ፣ ጫፋቸው የሾለ ጠባብ መስኮቶች አሉት። ቦታ ስላልነበረ ካቴድራሉ ከኮርማክ ቤተ ጸሎት ጋር ተጣብቆ ተገነባ። በዚህም የተነሣ ያ ያማረው የሰሜን በር፣ ቀስተኛው የተቀረጸበት፣ በሁለት ግድግዳ መካከል ተወሽቆ ጨለማ ውስጥ ቀረ። ታላቅ የሚሠራ ሰው የቀደመውን ብዙ ጊዜ አያይለትም።

ካቴድራሉን ለሚመለከት አንድ ነገር እንግዳ ይሆንበታል። ካህናቱ የሚቆሙበት ምሥራቃዊው ክፍል ምእመናን ከሚቆሙበት ከምዕራቡ ክፍል ይረዝማል። የምዕራቡን ጫፍ የያዘው የሊቀ ጳጳሱ መኖሪያ ግንብ ነውና። በዚያ ዘመን ጳጳስ ያለ ምሽግ አያድርም ነበር። በ1490ዎቹ የኪልዴር መስፍን ከሊቀ ጳጳሱ ጋር ተጣልቶ ካቴድራሉን አቃጠለ። በንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ፊት ቀርቦ «ለምን አቃጠልህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሊቀ ጳጳሱ ውስጥ ያለ መስሎት እንጂ ባዶውን ባላቃጠለው ነበር ብሎ መለሰ ይባላል። ንጉሡ ስቆ ማረው ይላሉ።

በ15ኛው መቶ ዓመት ሊቀ ጳጳስ ሪቻርድ ኦሄዲያን ለዘማሪ ካህናቱ አዳራሽና መኝታ ቤት አሠራላቸው። ዛሬ ጎብኚ ወደ አለቱ የሚገባው በዚህ ቤት በኩል ነው።

የሁለት መንበር ሰው

በካቴድራሉ ውስጥ በስተ ቀኝ ግድግዳ የማይለር ማግራዝ መቃብር አለ። የዚህን ሰው ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ማግራዝ የፍራንሲስካን መነኩሴ ነበር። በ1565 የሮም ጳጳስ በሰሜን አየርላንድ የካቶሊክ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። ጥቂት ቆይቶ ለእንግሊዝ ንግሥት ለኤልሳቤጥ አደረና በ1571 የካሼል ፕሮቴስታንት ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ሮም ሹመቱን የሻረችው በ1580 ስለሆነ ዘጠኝ ዓመት ያህል በአንድ ራስ ሁለት ቆብ ደፍቶ ኖረ። የቤተ ክርስቲያንን ርስት ለራሱና ለልጆቹ ሲያከፋፍል ኖሮ በ1622 በሽምግልና ሞተ።

አለቱ እንዲህ ሆኖ ከካቶሊክ እጅ ወደ ፕሮቴስታንት እጅ አለፈ። ሕዝቡ ግን ካቶሊክ እንደሆነ ቀረ። በ1641 አመፅ ሲነሣ ካሼል እንደገና በካቶሊኮች እጅ ገባ።

ሴፕቴምበር 1647

የመንስተርን የእንግሊዝ ፓርላማ ጦር የሚመራው ሙሮ ኦብራያን፣ የኢንቺኩዊን ጌታ ነበር። ኦብራያን! የብሪያን ቦሩ ዘር፣ ከ546 ዓመት በፊት አለቱን ለቤተ ክርስቲያን ለዘለዓለም የሰጠው የሙርኸርታክ ወገን ነው። በልጅነቱ በፕሮቴስታንት ሃይማኖት አድጎ ከእንግሊዞች ጎን ቆመ። በየሄደበት እህል፣ ቤትና መንደር ስለሚያቃጥል የአገሩ ሰው «ሙሮ ዘቃጠሎ» የሚል ስም አወጣለት።

በ1647 ሴፕቴምበር ወር አጋማሽ ጦሩ ካሼል ደረሰ። የከተማው ሰው፣ ሴቱም ሕፃኑም፣ ካህናቱም ወደ አለቱ ወጥተው ከጥቂት መቶ ወታደሮች ጋር በቅጥሩ ውስጥ ተዘጉ። ኢንቺኩዊን ወታደሮቹ ትጥቃቸውን ይዘው እንዲወጡ ፈቀደ፤ ካህናቱንና የከተማውን ሰው ግን ትተው እንዲሄዱ ጠየቀ። እምቢ አሉ። ይህ እምቢታ በአለቱ ታሪክ ውስጥ ከተቀረጸ ድንጋይ ሁሉ የሚበልጥ ነው።

የኢንቺኩዊን ሰዎች ከረግረግ ተቆርጦ የሚደርቀውን የአገሩን የአፈር ማገዶ በቅጥሩ ሥር ከምረው እሳት ለቀቁበት። ከዚያም በመሰላል ወደ ካቴድራሉ መስኮት እየወጡ ገቡ። ውጊያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ዘለቀ፤ በመቅደሱ የተጠጉት እዚያው አለቁ። የሟቾቹ ቁጥር ከ800 እስከ 1000 እንደሚደርስ ይገመታል። ከነሱ አንዱ ካህኑ ቴዎባልድ ስቴፕልተን ነበር። በ1639 በብራስልስ ከተማ ትምህርተ ሃይማኖት በላቲንና በአየርላንድ ቋንቋ ጎን ለጎን አሳትሞ ነበር፤ ተራው ሰው በራሱ ቋንቋ እንዲያነብ ብሎ የደከመ ሰው ነው። ከድሉ በኋላ ኢንቺኩዊን የሊቀ ጳጳሱን አክሊል ደፍቶ ታየ ተብሎ ይነገራል።

በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ሰው ፓርላማውን ከድቶ ወደ ንጉሡ ወገን ዞረ። ኋላም በስደት አገር ሳለ ካቶሊክ ሆነ፤ በ1674 ሞተ። ሙሮ ዘቃጠሎ የሚለው ስም ግን ካቶሊክ ሆኖም አልለቀቀውም።

የሊቀ ጳጳሱ ውሳኔ

እንግዲህ ብዙ ሰው ካቴድራሉ ፍርስራሽ የሆነው ያን ጊዜ ይመስለዋል። አይደለም። ከእልቂቱ በኋላ ሕንፃው ተጠግኖ ፕሮቴስታንቶች ይገለገሉበት ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ምእመኑ ጥቂት፣ ጣሪያው ሰፊ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ አቀበቱ ደግሞ አድካሚ ሆነ። ከ1730 እስከ 1744 ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቴዎፍሎስ ቦልተን ከአለቱ ሥር በከተማው ውስጥ ያማረ መኖሪያ አሠራ፤ ቤቱ ዛሬ ሆቴል ነው። ከሱ በኋላ የመጣው ሊቀ ጳጳስ አርተር ፕራይስ ነው። በ1749 የካቴድራልነቱ ማዕርግ በከተማው ውስጥ ወዳለው ወደ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ፤ የአለቱ ካቴድራል ጣሪያም ተነሣ። የአገሩ ሰው፣ ሠረገላው አቀበቱን አልወጣ ስላለው ነው እያለ ያማዋል። እሳት ሁለት ጊዜ ያልጨረሰውን ሕንፃ የአንድ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ጨረሰው።

ፕራይስ በ1752 ሲሞት በኑዛዜው ለቤቱ መጋቢ ልጅ 100 ፓውንድ ተወለት። የልጁ ስም አርተር ጊነስ ነው። በ1759 በደብሊን የመሠረተው የቢራ ፋብሪካ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። በየምግብ ቤቱ ጥቁሩን ቢራ የሚያዝዝ ሰው የካሼልን ጣሪያ ያነሣው ጳጳስ በኑዛዜው የረዳውን ሰው ስም ይጠራል።

ጣሪያ ያጣ ግድግዳ ዝናብና ውርጭ ይሰነጥቀዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በተነሣ ማዕበል የሊቀ ጳጳሱ ግንብ አንድ ጎን ተደርምሶ ወደቀ። ከወደቀው አንዱ ግዙፍ ክፍል ሳይበተን እንደ ነበረ መሬት ላይ ተቀምጦ ይታያል። በ1869 የፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያን በአየርላንድ የመንግሥት ሃይማኖት መሆኗ በሕግ ቀረ፤ በ1874 አለቱ ለመንግሥት የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተላልፎ ከአገሩ ብሔራዊ ቅርሶች የመጀመሪያው ሆነ። ወዲያው ጥገና ተጀመረ። የካቴድራሉን ጣሪያ ግን ማንም አልመለሰም።

የኮርማክ ቤተ ጸሎት የድንጋይ ጣሪያ በተቃራኒው ሁሉንም አልፎ ቆመ። ሆኖም የአሸዋ ድንጋዩ ለዘመናት የጠጣው ውኃ ወደ ውስጥ እየሰረገ ግድግዳውን አረንጓዴ አድርጎት፣ ከኖራ ሥር የወጡትን ሥዕሎች ሊያጠፋቸው ደረሰ። በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሕንፃው በሙሉ በብረት ርብራብና በመሸፈኛ ተከድኖ ድንጋዩ እንዲደርቅ ለዓመታት ተጠበቀ፤ ጣሪያውም ተጠገነ። ሽፋኑ ከተነሣ በኋላ ወደ ውስጥ የሚገቡት ጎብኚዎች በጥቂት በጥቂቱ፣ ከአስጎብኚ ጋር ሆነው ነው። ከሰው ትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ለሥዕሎቹ ሰማያዊ ቀለም አይስማማውምና።